ድጉስ፦ የብራና መጻሕፍት ልብስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የብራና መጻሕፍታችን ገበታ ከእንጨት ይጠረባል፤ ቀይ ቡናማ ቆዳም ይለብሳል። ደጓሹ በጋለ ብረት እየተጫነ ሐረጉንና በመካከል መስቀሉን ያትማል። ጌጡ የቀለም ቅብ አይደለም፦ ብረቱ የነካው ሰምጦ ይጠቁራል፣ ያልነካው እንደ ቀላ ይቀራል። በውስጥ በኩል፣ በቆዳው እጥፋት መካከል፣ ባለቀለም ጨርቅ ይለጠፍበታል።

በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስደው ዛሬ በለንደን ከሚገኙት መጻሕፍታችን መካከል ከነድጉሳቸው ያሉ አሉ። በእጃችን የቀሩትንስ እንዴት ይዘናቸዋል?

በአክሱምም ሆነ በአሶሳ የምታገለግሉ ወጣቶች ሆይ፣ የደበዘዘ ገበታ ብታዩ ቫርኒሽ ወይም የጫማ ቀለም አትቀቡት። ቅባቱ የሰመጠውን ሞልቶ ጥቁሩንና ቀዩን አንድ ያደርጋል፤ የደጓሹንም እጅ ይሸፍናል። በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ አቧራውን በቀስታ አንሥታችሁ ወደ ማኅደሩ መልሱት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።