ሴዩ፦ የድምፅ ተዋናይ

ጃፓኖች «ሴዩ» የሚሉት ፊቱ ሳይታይ በድምፁ ብቻ የሚተውን ባለሙያ ነው። በአማርኛ «የድምፅ ተዋናይ» ቢባል ይስማማዋል። «ድምፅ ሰጪ» እንዳንለው እሱ ምርጫ ጣቢያ የሚሰለፈው ሰው ነው፤ «ድምፃዊት»ንም ዘፋኟ ቀድማ ይዛዋለች። «ተራኪ» ደግሞ በትርጉም ፊልሞች ላይ ጀግናውንም፣ ወንበዴውንም፣ እናቲቱንም ብቻውን የሚያወራልን ሰው ነው። ሴዩ ግን የተሰጠውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በ1936 የተወለዱት ሴዩዋ ማሳኮ ኖዛዋ ከ1986 ጀምሮ በ«ድራጎን ቦል» አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ጎኩ የተባለውን ልጅ ሆነው ይተውናሉ። ጎኩ አድጎ ወንዶች ልጆች ሲወልድ የልጆቹም ድምፅ የእሳቸው ሆነ፤ አባትና ልጅ ሲነጋገሩ የሚሰማው የአንድ እናት ጉሮሮ ነው። ወንድ ልጅን ሴት መተወኗ እንግዳ አይደለም። በጃፓን ቴሌቪዥን የመጀመሪያ ዓመታት የውጭ ፊልም ዳቢንግ (የፊልሙን ንግግር በአገር ቋንቋ መተካት) በቀጥታ ስርጭት ስለነበር ለሕፃን ተዋናይ የሚታመን ሥራ አልነበረም። የልጅ ድምፅም ሲጎረምስ ይለወጣል። በአኒሜ መቅጃ ክፍል ውስጥ ደግሞ ማይኩ ጥቂት፣ ተዋናዩ ብዙ ነው፤ ተራው የደረሰ ኮቴው ሳይሰማ ይጠጋል፣ የስክሪፕቱን ገጽ ሳያንኮሻኩሽ ይገልጣል። ብዙ ጊዜ ድምፁ ሲቀዳ የአኒሜው ሥዕል ገና አላለቀም።

እኛም ሴዩ አለን። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀጭኔዋን ፀሐይን የምትናገረው የፕሮግራሙ መሥራች፣ የቀድሞዋ መምህርት ብሩክታዊት ትጋቡ ናት። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2008 «ጃፓን ፕራይዝ» በተባለው የትምህርታዊ ፕሮግራሞች ውድድር ተሸላሚ መሆኑ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው። ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ ይዞ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት ደግሞ ዳቢንግ የብዙ ወጣት ተዋንያን እንጀራ ሆነ።

ጋምቤላ ከተማ ሻይ ቤት ተቀምጦ የቱርክ ድራማ በአማርኛ የሚከታተል ወጣት፣ ቤቱ ሲገባ የሚያወራው በኑዌር ወይም በአኝዋ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ሴዩ በእነዚህ ቋንቋዎች ይሥራ ቢባል ሙያው ሌላ ፈተና ይገጥመዋል። በሁለቱም የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም ይለያል። በኑዌር ቋንቋ አናባቢው ጥርት ብሎ ሲነገርና ትንፋሽ ሲቀላቀልበትም ቃሉ ሌላ ሊሆን ይችላል። የአማርኛ ተዋናይት ያዘነች ልጅ ስትሆን ድምፅዋን በትንፋሽ ብታለሰልሰው ቃሉ አይነካም፤ ለኑዌር ሴዩ ግን ያንን ትንፋሽ ቋንቋው ራሱ ለሥራ ይዞታል። እንግዲህ ስክሪፕቱን በፊደል ጽፎ አዲስ አበባ ላለ ጎበዝ ተዋናይ መስጠት የሚያዋጣ አይመስለኝም፤ ከጋምቤላ ወረዳዎች ለኑዌሩ ላሬ፣ ለአኝዋው አቦቦ ያደገ ሰው መፈለግ ግድ ነው።