ሙሴ ጸሊም በአስቄጥስ ጉባኤ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰኔ 24 ቀን የምናስበውን ቅዱስ ሙሴ ጸሊምን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ሽፍትነትን ትቶ በመመነኑ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ ስለ ቆዳው ቀለም የተቀበለውን ግን እምብዛም አንናገርም።

የአበው ዜና እንደሚነግረን፣ በአንድ ጉባኤ አባቶች ሊፈትኑት ወድደው ይህ ጥቁር ስለ ምን ወደ መካከላችን ይገባል አሉ። እርሱ ዝም አለ። በኋላ ልቡ አዝኖ እንደ ሆነ ሲጠይቁት ማዘኑን አልሸሸገም፤ አለመናገሩን ብቻ ገለጠላቸው። ክህነት ከተቀበለ በኋላም በሊቀ ጳጳሱ ትእዛዝ ካህናቱ እየሰደቡ ከመቅደስ አስወጡት፤ እርሱም ራሱን እየወቀሰ ወጣ።

ትሕትናውን ማድነቃችን ተገቢ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ፈታኞቹ የሚያቆስል ቃል ሲፈልጉ ያገኙት የቆዳውን ቀለም ነው። ንቀቱ በዘመኑ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ባይሆን ኖሮ ፈተና ሊሆን ባልቻለ ነበር። በዘሩ ወይም በቋንቋው የተሰደበውን ወንድማችንን እንደ ሙሴ ጸሊም ታገሥ ለማለት የምንቸኩል (በማኅበራችንም አንጠፋም) ቅዱሱ ማዘኑን መናገሩን እንዘነጋለን። የእርሱ ትዕግሥት ለተሳዳቢ ፈቃድ አይደለም።

በሌላ ጊዜ አንድ ወንድም በድሎ ጉባኤው ሊፈርድበት ሲሰበሰብ አባ ሙሴን አስጠሩት። መምጣትን እንቢ አለ። ደግመው ሲልኩበት የተቀደደ ዘንቢል አሸዋ ሞልቶ፣ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። አሸዋው ከኋላው ይፈስስ ነበር። ምንድን ነው ቢሉት፣ የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። አባቶችም ያን ወንድም ምንም ሳይናገሩት ይቅር አሉት።