አርባ ስምንት ሰዓት፤ ስለ ጸጥታና ስለ ነፃነት

ሕዝብ ነፃነቱን በጉልበት ተነጥቆ ያጣበትን ጊዜ ታሪክ አይረሳውም፤ ቅኔ ይቀኝበታል፥ ሐውልትም ያቆምለታል። ሕዝብ ፈርቶ ነፃነቱን በገዛ እጁ የሰጠበት ጊዜ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። በዚያን ሰዓት የተገኘው ጸጥታ የሚያሳርፍ ስለ ሆነ፥ ዋጋውም በዚያው ዕለት ስለማይጠየቅ፥ ሰጪው የሰጠውን ልብ አይለውም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ይህንኑ ሁለተኛውን ጊዜ ነው። ለነገሩ ማስረጃ የምናቀርበው ከሩቅ አገር ሳይሆን ከዋና ከተማችን ደጅ ነው።

ከአዲስ አበባ የሚወጣ መንገደኛ በአዳማ መንገድ ገላንን፥ በጅማ መንገድ ሰበታን፥ በአምቦ መንገድ ቡራዩን፥ በጎጃም መንገድ ሱሉልታን ሳያይ አያልፍም። እነዚህ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በየማለዳው ከእነርሱ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ሠራተኛ፥ ከአዲስ አበባም ወደ ፋብሪካዎቻቸው የሚወጣው ብዙ ነው። የደጅ ጠባይ ደግሞ ሁለት ነው፤ በሰላም ቀን እንግዳ ይቀበላል፤ የፍርሃት ቀን ሲመጣ ግን አስቀድሞ የሚዘጋው እርሱ ነው። ስለዚህ በፍርሃት ጊዜ ምን እንደሚደረግ ለመማር የሚሻ ሰው የደጁን ታሪክ መመርመር ይገባዋል።

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት አባቶቻችን ይህንን ችግር እንዴት ይዘውት እንደ ነበር እናስታውስ። በቀድሞ ጊዜ በአንድ አገር ሌብነት ወይም ነፍስ ግድያ ተፈጽሞ አድራጊው ሲታጣ፥ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተጠርቶ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ይቀመጥ ነበር፤ የቀረም ይቀጣ ነበር። ይህም አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይባል ነበር። ለጸጥታ ሲባል የአገሩ ሰው ሁሉ፥ ንጹሑም ጭምር፥ ለጊዜው ነፃነቱን ያስይዝ ነበር ማለት ነው። አዝመራው በማሳ ላይ የቀረበት ገበሬ ወደ ቤቱ ለመመለስ ብሎ የሰው ስም ለመጥራት እንዴት እንደሚፈተን ለመገመት ብዙ መመራመር አያሻም።

ከዚሁ ጋር ሌላ ሥርዓት ነበረ፤ እርሱም ቁራኛ ነው። ሁለት ሰዎች በነገር ሲካሰሱ የነጠላቸው ጫፍ ከጫፍ ተቋጥሮ፥ ነገሩ የከበደ እንደ ሆነም በሰንሰለት ተቆራኝተው፥ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አብረው ይውሉ፥ አብረውም ያድሩ ነበር። ቁራኛ በዛሬ ዓይን ሲታይ የሚያስመሰግን ሥርዓት አይደለም። ነገር ግን በውስጡ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ነበረበት፤ ያሳሰረ ሰው ራሱም ታሳሪ ስለ ነበረ ዳኛ ለማግኘት ይቸኩል ነበር። የታሳሪው ሌሊት ለአሳሪውም ሌሊት ነበረ።

ዘመናዊ መንግሥት ሲደራጅ የማሰር ሥልጣን ከባለ ጉዳዩ እጅ ወጥቶ ለፖሊስ ተሰጠ። ይህ መልካም ነበር፤ ሆኖም አሳሪው ከታሳሪው ጋር ታስሮ ማደሩ ቀረ። እንግዲህ አሳሪውን ወደ ዳኛ የሚያቻኩለው ምንድር ነው? ሕጉ ለዚህ ያገኘው መልስ አርባ ስምንት ሰዓት ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ አዘዘ፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ29ኛው አንቀጹ ይህንኑ ደገመ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውና ዛሬም የሚሠራበት ሕገ መንግሥትም በ19ኛው አንቀጹ አጸናው። ዘውዳዊውም ፌዴራላዊውም ሥርዓት በብዙ ነገር ሲለያዩ በዚህ ቁጥር ተስማሙ። እኛ ሲመስለን አርባ ስምንት ሰዓት ለአሳሪው የተበጀ ቁራኛ ነው።

ፍርሃት በመጣ ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ የሚፈታው ታዲያ ይኸው ቁራኛ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን የያዘው የወታደሮች ኮሚቴ በመጀመሪያው አዋጁ የ1948ቱን ሕገ መንግሥት አገደ፤ የሥራ ማቆም አድማንና ያልተፈቀደ ሰላማዊ ሰልፍን ከለከለ። ለውጡ ያለ ደም እንደሚፈጸም ይነገር ስለ ነበረ፥ አገሪቱም ከረኃብና ከሁከት ዕረፍት ትሻ ስለ ነበረ፥ ክልከላውን ለጊዜው የሚሆን ነው ብሎ የተቀበለ ሰው ጥቂት አልነበረም። ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ፥ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ ስድሳ ያህል የቀድሞ ሹማምንትና መኮንኖች ፍርድ ሳይሰጣቸው ተረሸኑ። በሐምሌ ወር በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የተቋቋሙት ቀበሌዎች፥ የቤት ኪራይ ሊሰበስቡና ጥቃቅን ክርክር ሊዳኙ የተፈጠሩ ሲሆኑ፥ በቀይ ሽብር ዘመን የእስር ቤት ባለቤቶች ሆኑ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ የተፈተሸው የጦር መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ማመኑም ጭምር ተፈተሸ። በከተማ ውስጥ የሚተኮሰው ጥይት እውነተኛ ስለ ነበረ ፍርሃቱ ከንቱ ነበር አንልም፤ ነገር ግን ለፍርሃቱ የተከፈለው ዋጋ ከፍርሃቱ ምክንያት እጅግ በለጠ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ቃል ልብ እንበል። የዚያ መንግሥት ስም ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ ነበር። ይህ ጊዜያዊ የተባለው አስተዳደር በሕግ የፈረሰው በ1980 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ማለት ነው! በመጀመሪያው አዋጅ ቀን የተወለደ ሕፃን ጊዜያዊው ሳያልቅ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ሊደግም በቻለ ነበር።

ሌሎች አገሮችም ይህን ፈተና ያውቁታል። የጥንት ሮማውያን አገራቸው ስትጨነቅ ሙሉ ሥልጣን ለአንድ ሰው ይሰጡ ነበር፤ ዘመኑን ግን ከስድስት ወር እንዳያልፍ ወስነውት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ዩልዮስ ቄሣር የዕድሜ ልክ አምባገነን በተባለ ጊዜ ያ ገደብ ፈረሰ፤ ሪፐብሊኩም ከዚያ ወዲያ አልቆመም። በጀርመንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በየካቲት 1933 የምክር ቤቱ ሕንፃ በተቃጠለ ማግስት፥ የዜጎችን መብት የሚያግድ ድንጋጌ ታወጀ። ያ የአንድ ቀን ድንጋጤ የወለደው ድንጋጌ እስከ 1945 ሳይሻር ቆየ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች ይህን የሚያውቁ ይመስላል። በ93ኛው አንቀጽ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከስድስት ወር እንዳይበልጥ፥ ሲታደስም በየአራት ወሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲሆን ደነገጉ። ሰውን በጭካኔ መያዝን የሚከለክለው 18ኛው አንቀጽና በሕግ ፊት እኩል መሆንን የሚያረጋግጠው 25ኛው አንቀጽ በምንም ምክንያት እንዳይታገዱ አደረጉ። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋምና የታሳሪዎቹን ስም ከታሰሩበት ምክንያት ጋር በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ እንዲገልጽም አዘዙ። በወረቀት ላይ መልካም ቁራኛ ነው። ሥራው የታየው ግን በደጁ ከተሞች ነው።

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር በአንድ ማስተር ፕላን የሚያያይዝ ሐሳብ በተሰማ ጊዜ በኦሮሚያ ተቃውሞ ተነሣ። የገበሬው ፍርሃት የመሬቱ ነበር፤ የመንግሥቱ ፍርሃት ደግሞ የሥልጣኑና የጸጥታው ነበር። ተቃውሞው በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ ጀምሮ ሲያገረሽ፥ በጥር ወር ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ ቁጣው ግን አልቀረም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በኢሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጢስ ተተኩሶ ሕዝቡ ሲራወጥ፥ መንግሥት በገለጸው እንኳ ከሃምሳ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሌሎች ወገኖች ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል አሉ። በዚያው ሳምንት በሰበታና በሌሎችም ቦታዎች ፋብሪካዎች ተቃጠሉ፤ በአዲስ አበባ ዳርቻ በመኪና ስትጓዝ የነበረች አንዲት አሜሪካዊት ተመራማሪ በተወረወረ ድንጋይ ሞተች። ልጁን የቀበረው አባት እንዳዘነ ሁሉ፥ እንጀራዋ ከፋብሪካው ጋር የተቃጠለባት ሠራተኛም አልቅሳለች። ሁለቱንም ሳያይ ስለዚያ ወራት የሚናገር ሰው ታሪኩን በግማሽ ይናገራል።

መስከረም 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተደነገገ። ኮማንድ ፖስት የተባለው አካል ያወጣው መመሪያ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰርን ፈቀደ፤ እጅን ከራስ በላይ አጣምሮ ማሳየትን፥ የተወሰኑ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን መመልከትን፥ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ፋብሪካዎችና ወደ ልማት ተቋማት መጠጋትን ከለከለ። የውጭ አገር ዲፕሎማቶችም ያለ ፈቃድ ከአዲስ አበባ ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይወጡ አዘዘ። ገላንም ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ከአርባው ኪሎ ሜትር ውስጥ ናቸው። በኅዳር ወር መንግሥት 11,607 ሰዎች መታሰራቸውን አስታወቀ፤ ኋላም ቁጥሩ ከሃያ ሺህ አለፈ። አዋጁ በመጋቢት ለአራት ወር ተራዝሞ ሐምሌ 28 ቀን 2009 ዓ.ም. ተነሣ። አሥር ወር ቆየ።

ጸጥታ ተገኘ ወይ? ለጊዜው አዎን፤ መንገዱ ተከፈተ፥ ፋብሪካውም ሠራ። ነገር ግን አዋጅ ድምፅን ዝም ያሰኛል እንጂ የጩኸቱን ምክንያት አያነሣም። ስድስት ወር ከጥቂት ቀናት ብቻ አልፎ፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሥልጣን መልቀቂያ ባቀረቡ ማግስት፥ የካቲት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ሁለተኛው አዋጅ ተደነገገ። በምክር ቤት የተሰጠው ድምፅ በመጀመሪያ 395 ተባለ፤ ኋላም ተስተካክሎ 346 ድጋፍ፥ 88 ተቃውሞ፥ 7 ድምፀ ተአቅቦ ሆነ። ሁለት ሦስተኛው ከመላው አባላት ነው ወይስ ከተገኙት ነው የሚለው ክርክር ዘመኑን ያወቀ ሁሉ የሚያስታውሰው ነው። ሰማንያ ስምንቱ ተቃዋሚዎች ግን ከዚያ በፊት በአንድ ድምፅ ማጽደቅ በለመደ ምክር ቤት ውስጥ መገኘታቸው ሊመዘገብ ይገባል። አዋጁም ጊዜው ሳያልቅ ግንቦት 28 ቀን ተነሣ።

ከሁሉ ይልቅ የምናዝንበት ትምህርት የመጣው አዋጅ ባልነበረበት ወራት ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በቡራዩና በአካባቢው ሰዎች በማንነታቸው ተጠቅተው ብዙዎች ተገደሉ፤ ሺዎችም ቤታቸውን ጥለው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። ጸጥታ በሌለበት ነፃነት የሚባል ነገር እንደሌለ ያን ቀን ያየ አይከራከርም፤ በራፉን ሰብረው የገቡበት ሰው ምን ነፃነት አለው? ነገር ግን ቀጥሎ በአዲስ አበባ ወጣቶች በጅምላ ተይዘው፥ ፖሊስ ራሱ እንደ ገለጸው ከ1,200 የሚበልጡት ወደ ጦላይ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ተልከው፥ ተሐድሶ በሚል ስም አንድ ወር ገደማ ከቆዩ በኋላ ተለቀቁ። አዋጅ አልነበረም፤ መርማሪ ቦርድም አልነበረም፤ አርባ ስምንቱ ሰዓትም አልተቆጠረም። ከተማው ስለ ደነገጠ ብዙ ሰው ዝም አለ። የተሻረው አዋጅ በወረቀት ተሽሮ በልማድ ቀርቶ ነበር ማለት ነው። አፈርሳታ ያለ ሜዳ፥ እስር ያለ ቁራኛ!

ከዚያም ወዲህ በወረርሽኝ፥ በጦርነትና በሁከት ምክንያት አዋጆች ታውጀዋል። የመጀመሪያው አዋጅ የተነሣበት ሐምሌ 28 ቀን በስድስተኛ ዓመቱ፥ በ2015 ዓ.ም.፥ በአማራ ክልል ለተፈጠረው ሁኔታ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ቀን ሆነ። ልማድ መንገዱን ምን ያህል እንደሚያውቅ ይህ ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ሐሳብ አጭር ነው። መንግሥት ፈጽሞ አይፍራ፥ ሕዝብም ጸጥታ አይሻ አንልም፤ «የፈሩት ይደርሳል» እንደሚባለው ፍርሃትን መናቅ ራሱ ጥፋት የሚጠራበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ነፃነት ለፍርሃት የሚሰጠው በብድር እንጂ በስጦታ መሆን የለበትም። ብድር ደግሞ የመክፈያ ቀን፥ ምስክርና ጽሑፍ አለው። ቀኑ መቼ ነው? የሚቆጣጠረው ማን ነው? የታሰረው ሰው ስም የት ተጽፏል? እነዚህን የሚጠይቅ ዜጋ የጸጥታ ጠላት ተብሎ ሊታይ አይገባውም፤ በብድሩ ላይ የተቀመጠ ምስክር ነው እንጂ።

ይህን የሚያነብ ሹም ፊርማውን ከማኖሩ በፊት፥ ታሳሪው ዳኛ ሳያይ የሚያድርበትን እያንዳንዱን ሌሊት እርሱም አብሮት የሚያድር አድርጎ ይቁጠረው። መምህሩም ለተማሪው የጦርነቶችን ዓመታት ሲያስቆጥር ይህችን ትንሽ ቁጥር አብሮ ያስቆጥረው። አባቶቻችን በመንገድ ላይ የሚደባደቡ ሰዎችን ያገኙ እንደ ሆነ «በሕግ አምላክ!» ይሉ ነበር፤ የተነሣውም ዱላ በአየር ላይ ይቆም ነበር። የሚያልፈው ሰው መሣሪያ አልነበረውም፤ የነበረው አለመፍራቱ ብቻ ነው። ደጁ በፍርሃት በተዘጋ ጊዜ ይህን ቃል የሚናገር አንድ ሰው ከገላንም ከአዲስ አበባም እንዳይጠፋ እንመኛለን።