የዳንቴሌ ጥጥ ከየት መጣ?

ሰሞኑን የእናቴን ሣጥን ሳገላብጥ ግማሽ የቀረ ዳንቴል አገኘሁ። የራሴው ነው። በ11 ዓመቴ፣ ካማሺ ሳለን ጀምሬ የተውኩት።

ያኔ የሰው ሳሎን ሁሉ ዳንቴል ለብሶ ነበር፤ ቴፑ፣ ጠረጴዛው፣ የሶፋው መደገፊያ። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ኪሮሹም እንደዚያው። እኔ ለሱቅ ክር የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረኝ ከእናቴ ልቃቂት ሰርቄ ጀመርኩ። አልሆነም። ኪሮሹ በሳበው ቁጥር ክሩ ይላላል፣ ይበጠሳል። እናቴ ስትይዘኝ ትገርፈኛለች ስል ሳቀች። «ይሄ እኮ ለማግ የተፈተለ ነው፣ ለስላሳ ነው፤ ለሸማኔ እንጂ ለኪሮሽ አይሆንም» አለችና ሁለት ክር አጋጥማ እንዝርቷን በተቃራኒው አዞረችልኝ። ተጣምሮ ጠነከረ።

ቀለሙንስ? በእርድ ነከርኩት። ፀሐይ በሳምንት በላችው።

ኋላ የጀምስ ብሩስን የጉዞ መጽሐፍ ሳነብ በቀለም የተቸገርኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ገባኝ። ሰውዬው በ1762 ዓ.ም (በፈረንጆቹ 1769 መጨረሻ) አድዋ ደርሷል። እዚያ የሚሠራው የጥጥ ጨርቅ በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ነበር ይላል። ጉድለታቸው ቀለም ነበር። ቢጫውን ከሱፍ ያወጣሉ፣ ሰማያዊ ግን የላቸውም። ስለዚህ ከሕንድ፣ ከሱራት የመጣ ሰማያዊ ጨርቅ ገዝተው ክር በክር ይተረትሩና ከራሳቸው ክር ጋር መልሰው ይሸምኑታል። አስቡት እስቲ፣ የተሸመነ ጨርቅ ተርትሮ እንደገና መሸመን!

አድዋ ከኛ ሩቅ ነው። አንድ ነገር ግን የትም አይለወጥም፦ ጥጥ ሙቀት ይወዳል። ሸማኔው ደጋ ላይ ቢቀመጥም ጥጡ የሚመጣው ከቆላ ነው። በምዕራብ በኩል ያ ቆላ የዓባይና የደዴሳ ሸለቆ ነው፤ ካማሺም እዚያው ናት። ጉሙዞች ጥጥ እያመረቱ ለደጋ ጎረቤቶቻቸው፣ ለአማራው፣ ለአገው፣ ለኦሮሞው ሲሸጡ ኖረዋል።

እናቴም የምትፈትለውን የምትገዛው ገበያ ከሚመጡት የጉሙዝ ሴቶች ነበር። ትከሻቸው ላይ ዘንግ ጣል አድርገው፣ በሁለቱም ጫፍ ጭነት አንጠልጥለው ነው የሚመጡት። ሚዛኑን እንዴት እንደሚጠብቁት እስከዛሬ ይገርመኛል። እሷ ትዳምጠዋለች፣ በደጋን ትነድፈዋለች፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ እንዝርት። ጎረቤት ሲጠይቃት «የኔ ፈትል ነው» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ግማሹን እውነት።

ስለኛ አካባቢ ታሪክ ሲጻፍ ወርቅ አይጠፋም። በ1890 ዓ.ም የራስ መኮንን ጦር ቤኒሻንጉልን ስላስገበረበት ዘመቻ ሲወራም ወርቁ ይነሳል። ጥጡን ግን ማን ያነሳዋል? ከቆላው የወጣው ደግሞ ጥጥ ብቻ አይደለም፤ ሰውም ወጥቷል። ጉሙዙም በርታውም ለባርነት ሲታደን የኖረ ሕዝብ ነው። ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም ነው፤ አያቶቻችን በሕይወት እያሉ ማለት ነው። ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ ሰው ሊፈነግል ቆላ የወረደው ሰውዬ፣ የጋቢው ጥጥ ከየት እንደመጣ አንድ ቀን አስቦ ያውቅ ይሆን?

በሰው ብቻ አልፈርድም። እኔም ልጅ ሆኜ ጥጥ ሻጮቹን ዛሬ በማልጽፈው በዚያ ስድብ ስጠራቸው ነበር። እናቴ እየሰማች። ማንም አልተቆጣኝም። የተያዝኩት ክር ስሰርቅ ነው።

ዳንቴሉን አላጠብኩትም። አንዱ ጥግ ላይ ከመዳመጫው ያመለጠ የጥጥ ፍሬ ስባሪ አሁንም ተሰክቶ አለ። ልጨርሰው አስቤያለሁ፣ ግን በሱቅ ክር አይደለም። ካማሺ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ዛሬም ገበያ ላይ ጥጥ የሚሸጡ እናቶች ካሉ እስቲ ንገሩኝ። ስትገዙልኝ ደግሞ ስማቸውን ጠይቁልኝ፤ እኛ ቤት አንድም ቀን አልጠየቅንም።