«በርናውት» በአማርኛ፦ የሥራ ዝለት

በሮተርዳም አጠገብ ያለችው ስኪዳም፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1380 ዓ.ም. ተወልዳ፣ በብላቴንነቷ በበረዶ ላይ ወድቃ፣ በ1433 ዓ.ም. እስክታርፍ ድረስ በደዌ አልጋ የኖረችውን ቅድስት ሊድዊናን ታከብራለች፤ ያን ሁሉ ዘመን በራስጌዋ የተቀመጡትን አስታማሚዎች ግን እምብዛም የሚያወሳቸው የለም። የእነርሱን ተግባር ዛሬ የወረሱት፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሌሊቱን የሚተጉት ነርሶችና ሐኪሞች፣ «በርናውት» የሚባል መከራ ያገኛቸዋልና፣ ለዚህ መከራ በቋንቋችን የሚገባውን ስም መፈለግ ግዴታችን ይመስለኛል።

ቃሉን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. በጽሑፍ ያስተዋወቀው የሥነ ልቡና ሊቅ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ሲሆን፣ ፍቺው ተቃጥሎ ማለቅ ነው። ይሁን እንጂ በእኛ አነጋገር «ተቃጠልሁ» ያለ ሰው ተቈጣ ወይም ቀና ይባላል እንጂ ኃይሉ አለቀ አይባልም። ከግእዝ የወረስነው «ሀኬት»ም ስንፍናን ስለሚያመለክት፣ ትጉሁን ሠራተኛ መስደብ ይሆናል። ሆላንዶች «ኦፈርስፓነን» የሚሉት፣ እንደ በገና አውታር ከልክ በላይ የተወጠረ ማለት በመሆኑ፣ ከእኛው «ውጥረት» ጋር ይገጥማል፤ ነገር ግን ውጥረት ወደ በርናውት የሚያደርስ መንገድ እንጂ ራሱ በርናውት አይደለም።

የመተንፈሻ መሣሪያው ደወል በጮኸ ቍጥር ስትነሣ ያደረች ነርስ፣ ነግቶ ከቤቷ ገብታ የማቀዝቀዣውን ድምፅ ስትሰማ ብድግ ብትል፣ ይህ ገና ውጥረት ነው። ዕረፍት አግኝታም ድካሟ ሳይለቃት ሲቀር፣ የሕመምተኛውን ስም ትታ «አልጋ ሰባት» ማለት ስትጀምር፣ ቀድሞ ታረካበት የነበረው የእጇ ሥራም ከንቱ ሲመስላት፣ ያን ጊዜ «የሥራ ዝለት» እንለዋለን። የዓለም የጤና ድርጅትም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. የዘረዘራቸው ምልክቶች እነዚሁ ሦስቱ ናቸው፤ ከሥራ ቦታ የሚመጣ ነገር ነው እንጂ በሽታ ነው አላለም።

«ዝለት»ን የመረጥሁት፣ ቃሉ ብዙ ሸክም የተሸከመ ክንድን ስለሚያሳስበን ነው። ሙሴ ከዐማሌቅ ጋር በተደረገው ጦርነት እጆቹ በከበዱ ጊዜ፣ አሮንና ሖር ድንጋይ አኑረው አስቀመጡት፣ እጆቹንም ከሁለት ወገን ደገፉለት እንጂ «በርታ» ብቻ ብለው አልተዉትም። ለጽኑ ሕሙማን አገልጋዮችም ድጋፉ የሚበቃ የሰው ኃይል፣ የተጠበቀ የዕረፍት ሰዓት፣ የሕመምተኛ ሞት ባጋጠማቸው ሌሊት አብሯቸው የሚቀመጥ አለቃ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በስኪዳምም ሆነ በጎንደር፣ ሌሊቱን ስታስታምም አድራ የመጣች እኅትህ «ዛልሁ» ስትልህ፣ ሰነፍሽ አትበላት፤ ሸክሟን ማን እንደሚጋራት ጠይቅ።