ለምጽ፣ የሥጋ ደዌና ቁንጭር፤ ስለ ወሎ የቆዳ ሕመሞች ታሪክ አጭር ጥናት

በቆቦና በራያ ቆላ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ የቆዳ ሕመም የሚፈራው ከሥቃዩ ይልቅ በስሙ ነው። እከክ ብዙ ሰው ቢይዝም እንደ ቀላል ነገር ይታለፋል፤ ለምጽ ወይም ቁምጥና የተባለ ሕመም ግን ሰውን ከማዕድና ከጋብቻ ያርቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የስሞቹ መደባለቅ በሕመምተኛው ላይ ያስከተለውን ጉዳት መግለጽ ነው።

መደባለቁ የቆየ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ካህኑ የሚመረምረው ደዌ ለምጽ ተብሏል፤ ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ የታዘዘውም ለምጻሙ ነው። ዛሬ በአማርኛ ለምጽ የምንለው ግን የቆዳ ቀለም የሚጠፋበት፣ ከሰው ወደ ሰው ከቶ የማይተላለፍ ሕመም ነው። የሥጋ ደዌ ሌላ ነው፤ መነሻው ኖርዌጂያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን በ1873 በፈረንጅ አቆጣጠር ያገኘው ባክቴሪያ ሲሆን፣ ቆዳንና ነርቭን ይጎዳል። በአንድ ስም ምክንያት ለምጽ ያለበት ሰው የማይገባውን ፍርድ ተሸከመ።

ሦስተኛው ቁንጭር ነው። ብዙውን ጊዜ ፊት ላይ የሚወጣ ቁስል ሲሆን፣ አልፎ አልፎ ግን በመላ አካል ላይ እንደ እባጭ ይሰራጫል። ይህ ብርቅ የሆነው ዓይነት ሐኪሞችን ሳይቀር የሚያሳስት ነው፤ በ1960 በፈረንጅ አቆጣጠር ስለ ኢትዮጵያ ሕመምተኞች በፈረንሳይኛ የጻፉ ሊቃውንት በጽሑፋቸው ርእስ ላይ «የሥጋ ደዌ መሳይ» ብለውታል።

የዚህን ምሥጢር ለመፍታት ወሎ ትልቅ ድርሻ አላት። ዶክተር አክሊሉ ለማና ባልደረቦቻቸው በደጋው አገር ስላለው ቁንጭር ያደረጉት ጥናት በ1969 ታትሟል፤ ከደሴ አጠገብ ያለችው ኩታበርም በዚያ ዘመን የምርምር ሥፍራ ነበረች። በ1973 ደግሞ ጥገኛው ተሐዋሲ በሽኮኮ አካል እንደሚኖር፣ ወደ ሰውም በአሸዋ ዝንብ ንክሻ እንደሚተላለፍ ተገለጸ። ሕመሙ ይበልጡን የሚገኘው ከ1400 እስከ 2700 ሜትር ከፍታ ባለው፣ ሽኮኮ በሚኖርበት ገደላማ አገር ነው። ቆቦ ወደ 1500 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ስላላት በታችኛው ጠርዝ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ የራያን ሕመምተኛ «የት ተወለድህ?» ብቻ ሳይሆን «የት አድረህ ከረምህ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስቱን ለመለየት የመጀመሪያው ምርመራ ብዙ መሣሪያ አይሻም። የሥጋ ደዌ የያዘው የቆዳ ክፍል ብዙ ጊዜ በጥጥ ሲነካ አይሰማም፤ ለምጽም ቁንጭርም ግን ስሜትን አያጠፉም። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው በእርግጥ ሐኪምና ላቦራቶሪ ነው።

ልዩነቱ የሚያስከትለው ነገር ቀላል አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ1981 ያጸደቀው ጥምር መድኃኒት የሥጋ ደዌን እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር ይፈውሳል፤ የሞተውን ነርቭ ግን አይመልስም። በ1870 ዓ.ም. በሃይማኖት ጉባኤ የታወቀችው ቦሩ ሜዳ ኋላ የሥጋ ደዌ ሕክምና ሥፍራ ሆናለች፤ ሆስፒታሏ ዛሬ ቁንጭርንም ያክማል። ከቆቦ እስከ ደሴ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ ሕመምተኛውን ከመንገዱ ርቀት ይበልጥ የሚያዘገየው ስሙን መፍራቱ ነው፤ የዘገየበትንም ዋጋ በእጁና በእግሩ ጣቶች ይከፍላል።