"ኔትወርክ የለም" ሲባል፦ የኔትወርክን ቅርጽ በግራፍ ማወዳደር

ዘመሮ ላይ ኔትወርክ ጠፋ እንበል። ስልክ ብቻ አይደለም የሚቆመው፤ ቴሌብር ይቆማል፣ ባንክ ስትሄዱም "ሲስተም የለም" ትባላላችሁ። የተቆረጠች አንዲት ኬብል እንዴት ከተማ ሙሉ ታጠፋለች? መልሱ የኔትወርኩ ቅርጽ ላይ ነው። ቅርጽን ከቅርጽ የምናወዳድርበት ሒሳብ ደግሞ ግራፍ ቲዎሪ ይባላል።

🔹 ግራፍ ምንድን ነው?

ትምህርት ቤት በኤክስና በዋይ የምንስለው አይደለም። ነጥቦችና ነጥቦቹን የሚያገናኙ መስመሮች ናቸው። ከተማ ወይም ራውተር ነጥብ ይሆናል፣ ኬብል ደግሞ መስመር። የጀመረው ኦይለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1736 የኮኒግስበርግን 7 ድልድዮች እያንዳንዱን አንዴ ብቻ ተሻግሮ መጨረስ እንደማይቻል በዚህ መንገድ አሳየ።

🔹 እናወዳድር

5 ከተሞች እንውሰድ፦ ደብረ ብርሃን፣ ሞላሌ፣ መሀል ሜዳ፣ ዘመሮ፣ ራቤል። (ምሳሌ ነው እንጂ የቴሌ የኬብል ካርታ አይደለም።)

👉 ሰንሰለት፦ በተርታ ይያያዛሉ፤ 4 መስመር ይበቃል። ግን በሞላሌና በመሀል ሜዳ መካከል ያለው ከተቆረጠ መሀል ሜዳ፣ ዘመሮና ራቤል አብረው ይጠፋሉ።

👉 ኮከብ፦ አራቱም በቀጥታ ከደብረ ብርሃን ጋር ይገናኛሉ፤ አሁንም 4 መስመር። አንድ ኬብል ሲቆረጥ የሚጠፋው አንድ ከተማ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ያለው ማዕከል ከወደቀ ግን ሁሉም አለቀለት።

👉 ቀለበት፦ ሰንሰለቱ ላይ ከራቤል ወደ ደብረ ብርሃን 5ኛ መስመር ይጨመራል። የትኛውም አንድ ኬብል ቢቆረጥ ዳታው በሌላው በኩል ይዞራል፤ ማንም አይጠፋም።

👉 ሙሉ መረብ፦ ሁሉም ከሁሉም ጋር፤ 10 መስመር። ጠንካራ ነው፣ ግን ውድ ነው። ከተሞቹ 20 ቢሆኑ 190 መስመር ይፈልጋል።

🔹 ሁለቱ መለኪያዎች

1. በጣም የሚራራቁት ሁለት ከተሞች በስንት መስመር ይገናኛሉ? ሰንሰለት 4፣ ኮከብ 2፣ ቀለበት 2፣ ሙሉ መረብ 1።

2. ኔትወርኩን ለመበጠስ ቢያንስ ስንት መስመር መቆረጥ አለበት? ሰንሰለት 1፣ ኮከብ 1፣ ቀለበት 2፣ ሙሉ መረብ 4።

ትልቁን ትርፍ ያመጣችው ያቺ አንዲት 5ኛ መስመር ናት።

⚠️ ግን ወረቀት ላይ ቀለበት የሆነ ሁሉ መሬት ላይ ቀለበት አይሆንም። ሁለቱ ኬብሎች በአንድ ቦይ ከተቀበሩ አንድ እስካቫተር ሁለቱንም ይበጥሳቸዋል።

አገርም እንደዚሁ ነው። ኢትዮጵያ ባሕር ስለሌላት ከባሕር ስር ኬብሎች ጋር የምትገናኘው እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ነው። በሮቹ በበዙ ቁጥር አንዱ ሲዘጋ ጉዳቱ ይቀንሳል።

ስልካችሁ ላይ የምታዩት "4ጂ" የሚነግራችሁ ከስልካችሁ እስከ ታወሩ ያለውን ብቻ ነው። ከታወሩ ጀርባ ስንት መንገድ እንዳለ አይነግራችሁም። ስለዚህ ለከተማችሁ ኔትወርክ ስትጠይቁ "ፍጥነቱ ስንት ነው?" ብቻ አትበሉ። "ይሄኛው ቢቆረጥ በየት በኩል ይዞራል?" በሉ።